ያልተወጋው መርፌ

ረዲያ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ሱቁ ልትወጣ እጇን እንደዘረጋች የራሷን ስም ሰማችና ባለችበት ቀረች። ከሱቁ በስተጀርባ ያለችው ክፍል ዕቃ ማከማቻም፣ ማብሰያም፣ ልጅ ማስተኛም ናት። በአንድ በኩል ስፖንጅ ፍራሽ ተደራርቦ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሊነካ ደርሷል፤ በሌላው በኩል ገመዳቸው ያልተፈታ የብርድ ልብስ እስሮች ተቀምጠዋል፤ በመሃል አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍባት መንገድ ቀርታለች። በዚያች መንገድ ላይ የልጇን ጡጦ እንደያዘች ቆማ፣ አማቷ ሀጂያ ሰዓዲያ ከጫት ነጋዴው ከጂብሪል ጋር የሚያወሩትን ሰማች። ጂብሪል ለአረፋ ከሚያደልባቸው ሦስት በሬዎች አንዱ ከትናንት ጀምሮ መኖ አልነካ ብሎት ነው በጠዋቱ የመጣው።

«እንዳው ሥራ ካልያዘች ብታይልኝ ብዬ ነው፤ የድካሟን ደግሞ…» አለ ጂብሪል።

«የምን ድካም? የምን ሥራ?» አሉ ሀጂያ ሰዓዲያ። «እዚሁ ቁጭ ብላ አይደል እንዴ የምትውለው! ገንዘብ የሚባል ነገር እንዳታነሳባት፤ ወላሂ ታስቀይመኛለህ። እኛ ከጎረቤት ገንዘብ ተቀብለን እናውቃለን? ዱዓ አድርግላት፣ ይበቃታል።»

ጂብሪል ደጋግሞ መረቃቸው። ከዚያ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ካለው፣ የነብር ሥዕል ካለበት ብርድ ልብስ ላይ አረፈና ዋጋውን ጠየቀ። የሀጂያ ድምፅ ወዲያው ሌላ ሆነ። ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው አሉ። ለጎረቤትስ ቢላቸው፣ ለጎረቤት ብዬ ነው እንጂ ለሌላውማ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ነው አሉት። እሱ ሃምሳ ብር ሊያስቀንስ ታገለ፤ እሳቸው ደግሞ ሱቁን ልትዘጋው ነው ወይ የመጣኸው እያሉ ሳቁበት። በመጨረሻ ያሉትን ከፍሎ ብርድ ልብሱን በፌስታል አሸክመውት ወጣ።

ረዲያ የተናደደች አልመሰላትም። የተሰማት እፍረት ነው፤ ተደብቃ በመስማቷ ሳይሆን፣ የተባለው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል ብላ በማሰቧ። ከማግባቷ በፊት በትውልድ ከተማዋ በቦርደዴ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበረች። ጭሮ ከመጣች፣ ይልቁንም ልጅቷን ከወለደች ወዲህ ግን ዕውቀቷ እንደ ጎረቤት ወንፊት ሆኗል፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ ሲጨርስ ይመልሰዋል፣ አመሰግናለሁ ብሎ ይሄዳል። ባሏ ሳቢር፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ጭኖ ወደ ገለምሶና መቻራ ገበያ የሚመላለሰው፣ ገፋፍቶ የግል ሥራ ፈቃድ ካስወጣት ዓመት ሊሞላ ነው። «መቼ ነው የምትጀምሪው?» ሲላት «ቆይ፣ ትንሽ ልዘጋጅ» ትለዋለች። ምኑን እንደምትዘጋጅ ራሷም አታውቀውም። እሷ የምታውቀውን ነገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስላታል፤ በሬ መታመሙን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል፣ ታዲያ ይኼ ምን ያስከፍላል? ደግሞስ ተሳስታ ቢሆንስ? በነጻ የተሳሳተ ሰው ይቅር ይባላል፤ ተከፍሎት የተሳሳተ ግን…

«ረዲ!» አሉ ሀጂያ ከሱቁ። «ጂብሪል ቤት ብቅ በይለት፤ በሬው አሞበታል። ልጅቷን ለእኔ ተያት።»

ልጅቷን ሲቀበሏት ፊታቸው ሁሉ በራ። አንስተው ብርድ ልብስ ክምር ላይ አስቀመጧትና በሌላ ብርድ ልብስ ላይ ያለ ነብር ጢም እያሳዩ ያጫውቷት ጀመር። ለዚህ ነው ረዲያ ሀጂያን ልትቀየማቸው የማትችለው። ክፋት የለባቸውም። ቤታቸው መጥቶ በባዶ እጁ የተመለሰ ሰው የለም፤ ችግሩ፣ ከሚሰጡት ውስጥ ግማሹ የረዲያ መሆኑ ነው።

መሣሪያዋን በያዘው የጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ቴርሞሜትርና የልብ ማዳመጫ አለ፤ ጓንት ግን አልቆባት ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ካለ ሱቅ በራሷ ብር ገዛች። መንገዱ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ገና አልደረቀም፤ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ጫፋቸው በጉም ተሸፍኗል። ባጃጅ ይዛ ከመስጊዱ በላይ ያለውን ዳገት ወጣች። ሹፌሩ ዳገቱ ላይ ሃምሳ ብር ጠየቃት፤ እሷም ሳትከራከር ከፈለችው። ከወረደች በኋላ ቆማ አሰበችው፤ ባጃጁ ዋጋውን ሲናገር ምንም አላፈረም።

የጂብሪል ግቢ ሰፊ ነው። ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ በረንዳው ላይ ለጫት በርጫ የሚነጠፈው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቆሟል። በጓሮ በኩል በቆርቆሮ የተከለለ በረት አለ። ሁለቱ በሬዎች የማሽላ አገዳቸውን እየቆረጠሙ ነው፤ ሦስተኛው፣ ትልቁ ዳማ፣ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ቆሟል። የጂብሪል ሚስት ኢንሳፍ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ እበት ስትጠርግ አገኘቻት።

«ትናንት እንደ አንበሳ ነበር» አለ ጂብሪል። «አሁን እዪው። ከአዳማ ገዢ አለኝ፤ መቶ ሰማንያ ሺህ ተስማምተናል፤ ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል። ይኼ ቢሞትብኝ አለቀልኝ ረዲያ።»

ረዲያ ጓንቷን አጠለቀች። በሬው ጋ ስትቀርብ፣ ሱቅ ውስጥ እንደምትሆነው አልሆነችም። እግሯ የት እንደሚቆም ያውቃል፤ እጇ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። መጀመሪያ አፉን አየች፤ ከዚያ ሰኮናውን፤ ከዚያ ሙቀቱን ለካች፤ ደህና ነው። በግራ በኩል ጎድኑ ከሚያልቅበት በኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ መዳፏን ጭና ዝም ብላ ቆመች። ጤነኛ በሬ ሆዱ ሲፈጭ ከመዳፍ ሥር ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማል። የዚህኛው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ ደከም ያለ እንቅስቃሴ መጣና ጠፋ። እበቱ ቀጥኗል፤ ሽታው እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ነው።

«ምን አበላችሁት?» አለች።

ኢንሳፍ ባሏን አየችው። ባሏ የበረቱን ቆርቆሮ አየ።

«ዱቄት ጨምሪለት አለኝ» አለች ኢንሳፍ። «ገዢው ከመምጣቱ በፊት ጎኑ ይሙላ ብሎ። የሌሎቹንም የበቆሎ ዱቄት ለእሱ ነው የሰጠሁት።»

ነገሩ ለረዲያ ግልጽ ሆነ። ብዙ ዱቄት ያልለመደ ሆድ በአንድ ጊዜ ሲሞላበት ይኮመጥጣል፤ መፍጨት ያቆማል። የሚያስፈልገው ዱቄቱን ማቆም፣ ደረቅ ሣር፣ ብዙ ውኃ፣ ሆዱን የሚያለዝብ ቤኪንግ ሶዳና ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ይኼንኑ ነገረቻቸው። ቤኪንግ ፓውደር እንዳይገዙ፣ ሶዳውን ብቻ እንዲሉ አስጠነቀቀቻቸው። ጂብሪል ተጨማሪ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«መርፌውስ?» አለ።

«መርፌ አያስፈልገውም።»

«አቦ ረዲያ፣ በሬው ሊሞትብኝ ነው እኮ! መድኃኒት ሻጩ ጋ ደውዬ ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል ብሎኛል። ሺህ አምስት መቶ ነው ያለኝ፤ ብሩ ይኸው፣ አሁኑኑ አመጣልሻለሁ። አንቺ ውጊልኝ ብቻ።»

«መድኃኒት ሻጩ በሬውን አላየውም። ይኼ የመርፌ በሽታ አይደለም፤ መርፌው ጭራሽ ሆዱን ያደክመዋል።»

«ታዲያ» አለ ጂብሪል፣ በክፋት ሳይሆን ከልቡ ግራ ተጋብቶ፣ «ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ረዲያ ጥያቄውን ለራሷ ደገመችው። ልክ ነው፤ ምን ልትሠራ መጣች? እንዲያውም አንዲት ክፉ ሐሳብ ትከሻዋን ነካቻት፤ ወግተሽለት ብትሄጂ ምን አለበት? እሱም ደስ ይለዋል፣ አንቺም እንደ ሐኪም ትታያለሽ፤ በሬው ከዳነ መርፌው አዳነው ይባላል፣ ከሞተም መርፌ ተወግቶ ሞተ ይባላል። እንደገና መዳፏን በሬው ጎን ላይ ጫነች። እጇ የነገራትን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ነገራት። «አልወጋውም» አለች፤ ድምፅዋ እሷ ካሰበችው ይልቅ ጠንከር ብሎ ወጣ።

ሶዳው መጣ። ለብ ባለ ውኃ በጥብጣ በወይን ጠርሙስ ሞላችው። ጂብሪል የበሬውን አፍንጫ ይዞ ሽቅብ ሲጎትተው «ራሱን ብዙ አታንሣው፤ ወደ ሳንባው ይገባል» አለችው። ቀስ እያለች፣ በሬው በዋጠ ቁጥር እያረፈች ጋተችው። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ኢንሳፍ ገመዱን ይዛ በግቢው ውስጥ ታዞረው ጀመር። ረዲያ ከቀትር በኋላ ተመልሳ እንደምታየው ተናግራ ቦርሳዋን አነሣች። ጂብሪል እስከ በር ሸኛትና አንድ ዙርባ ጫት በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ሰጣት። «ሳቢር ሲመጣ ስጪልኝ። አላህ ይስጥሽ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥሽ» አላት። ዱዓው ከልቡ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያለው ጥርጣሬም እንደዚያው።

ቁልቁለቱን መውረድ ስትጀምር ከአንድ የጭቃ አጥር በስተጀርባ «አንቺ ልጅ!» የሚል ድምፅ አስቆማት። እትዬ እንቁ ናቸው፤ ሁለት የወተት ላሞች ያሏቸው፣ በየጠዋቱ ቢጫ ጄሪካን ይዘው ሰፈሩን የሚያዳርሱ ሴት። ረዲያ በሩቁ ታውቃቸዋለች፤ የሀጂያ ቤት ወተት የሚመጣው ከእሳቸው ነው። እንቁ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወደ ውስጥ ጋበዟት። ግቢያቸው ጠባብ ቢሆንም የተጠረገ ነው፤ ጄሪካኖቹ ታጥበው በእንጨት ላይ ተደፍተዋል፤ የአንድ ላም አንገት ከማድቤቱ ጎን ካለች ዳስ ውስጥ ይታያል። ሰላምታው እንዳለቀ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። አንደኛዋ ላም በአንዱ ጡቷ ወተት አልሰጥ ብላለች፣ ስትነካም ትራገጣለች።

ረዲያ አዲስ ጓንት አውጥታ ወደ ዳሷ ስታመራ እንቁ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ቆይ። ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ለማየት ስንት ነው የምትቀበዪው?»

«ኧረ ምንም አይደለም እትዬ እንቁ። ጎረቤት አይደለን?»

እንቁ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ባለፈው ወር ጥጃ ሞታብኛለች። አስቀምጧት ሦስት ቀን ሙሉ ስትመነምን ዓይኔ እያየ ሞተች። ያንቺን ቤት አውቀዋለሁ፤ በየጠዋቱ በራችሁ ላይ ነኝ። በምን አፌ ልጥራሽ? ሀጂያን ወተቴን በዋጋ እየሸጥኩላቸው፣ ምራትዎን በነጻ ላኩልኝ ልበላቸው? ዋጋ ቢኖርሽ ተበድሬም ቢሆን በዚያ ሌሊት በርሽን እቆረቁረው ነበር። በነጻ የሚሠራን ሰው እኮ የሚጠራው ማፈር የማያውቅ ብቻ ነው።»

እንቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዋጋሽን ካልነገርሽኝ ላሜን አትነኪያትም» አሉ።

እውነትም አልቀለዱም። ከዳሷ ውስጥ ላሟ ጭራዋን ስታወናጭፍ ይሰማል። ረዲያ የመጣላትን ቁጥር ሁሉ ከፍ አደረገችው፣ ዝቅ አደረገችው።

«ሦስት መቶ» አለች፤ ለራሷ እንኳ ለመስማት እስኪያዳግታት ድረስ በቀጭን ድምፅ።

«እሺ» አሉ እንቁ፤ እጃቸውን ከበሩ አንሥተው አሳለፏት። በቃ ይኸው ነበር። ሰማይ አልተደፋም፣ ማንም አልሳቀም፤ ባጃጁ ዳገቱ ላይ ዋጋውን እንደተናገረው ነው የሆነው።

ላሟን አየች። ከታመመው ጡት ላይ ጥቂት ወተት ጥቁር ክዳን ላይ አልባ ለእንቁ አሳየቻቸው፤ በወተቱ ውስጥ እንደ ተፈረፈረ አይብ ያለ ነገር ነበር። ምን ዓይነት የጡት መድኃኒት እንደሚገዙ፣ ጡቷን በቀን ደጋግመው ባዶ እስኪሆን እንዲያልቡት፣ ያን ወተት ለማንም እንዳይሸጡ፣ ታማሚዋን ከጤነኛዋ በኋላ እንዲያልቧት፣ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ አስረዳቻቸው። እንቁ ሁሉንም በጣታቸው እየቆጠሩ ደገሙት፤ ያልገባቸውን ሁለቴ ሦስቴ ጠየቁ። ረዲያ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ከዚህ በፊት በነጻ ያየችላቸው ሰዎች እንዲህ ጠይቀዋት አያውቁም። «አላህ ይስጥሽ» ብለው ይሸኟታል፣ ካለችው ውስጥ ግማሹን ይረሱታል። እንቁ ግን ለሚከፍሉበት ነገር መብት ያለው ሰው ሆነው ነበር የጠየቋት፤ እሷም ለምትከፈልበት ነገር ኃላፊነት ያለበት ሰው ሆና መለሰች። ከግቢው ስትወጣ «እሑድ መጥቼ አያታለሁ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ዙሁር ተሰግዶ ሲያበቃ ወደ ጂብሪል ቤት ተመለሰች። ገና በሩን ሳታልፍ ኢንሳፍ ከበረቱ «ኮቱ፣ ኮቱ! ነይ እዪው!» እያለች ጠራቻት። ዳማው በሬ ጥላ ሥር ተኝቷል፤ ዓይኖቹን ግማሽ ጨፍኖ ያመሰኳል። ከአፉ ጥግ የሣር ጭራሮ ተንጠልጥሏል። ረዲያ ተንበርክካ መዳፏን ጎኑ ላይ አሳረፈች። የሆዱ እንቅስቃሴ ከመዳፏ ሥር ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ ወረደ፣ ተመልሶ መጣ። ለረጅም ጊዜ እጇን አላነሣችም፤ ከዚያ በላይ ማየት አስፈልጓት ሳይሆን፣ ደስ ስላላት ነው።

ጂብሪል «አልሀምዱሊላህ! ማሻአላህ!» እያለ በበረቱ ውስጥ ይንጎራደዳል። «ወላሂ አላመንኩሽም ነበር! በሶዳ! አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ አላህ ሀጂያን ያቆይልሽ…»

ረዲያ ተነሣች። ጉልበቷን አራገፈች። ዱዓው እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ግን አላለቀም፤ ስለዚህ በመሃሉ ገባች።

«አምስት መቶ ብር ነው ጂብሪል።»

ጂብሪል ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁ ቀስ እያለ ቀረ። «የምን?»

«ያየሁበት። ሁለት ጊዜ ነው የመጣሁት።»

«እንዴ… ሀጂያ ገንዘብ እንዳታነሣባት ብለውኛል እኮ፤ እቀየማለሁ ብለው ማሉብኝ። ደግሞ እኔና ሳቢር አብረን ያደግን ሰዎች…» ዙሪያውን የሚያግዘው ሰው የፈለገ ይመስል አየ። «በዚያ ላይ መርፌ እንኳ አልወጋሽም።»

«ለመርፌው ስንት ልትከፍል ነበር?»

«ሺህ አምስት መቶ።»

«መርፌው አያስፈልግም ያልኩህ እኔ ነኝ። የምትከፍለኝ ለዚያ ነው። ዱቄቱን ሦስት ቀን አትስጡት፤ ከዚያ በኋላ በትንሽ በትንሹ ነው። ቅዳሜ ገዢው ከመምጣቱ በፊት በስልክ እጠይቃችኋለሁ።»

ረዲያ ጉሮሮዋ ድረስ «ከበዛ ተወው» የሚል ቃል መጥቶ ነበር። ዋጠችው። ከቆመችበትም አልተነቃነቀችም።

«ክፈላት አቦ!» አለች ኢንሳፍ ድንገት፤ ገመዱን መሬት ላይ ወርውራ። «ለጫት ጫኙ ትከፍላለህ፣ ለደላላው ትከፍላለህ፣ ለሷ ሲሆን ዱዓ ታበዛለህ! በሬውን ማን አዳነው? አንተ በዱቄት ልትገድለው፣ እኔ ደግሞ እያበላሁ ላግዝህ!»

ጂብሪል ስልኩን አወጣ። ቁጥሯን ጠየቃት። ብሩን ሲልክላት ከንፈሩን እየነከሰ ነበር፤ መልእክቱ ስልኳ ላይ ሲገባ ግን በመገረም ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ ልጅ» አለ፣ «ሳቢር እንዲህ ያለች ሴት እንዳገባ ያውቃል?»

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር። ሀጂያ ሰዓዲያ ከሱቁ ወለል ላይ ተቀምጠው ለገለምሶ ገበያ የሚላኩትን ብርድ ልብሶች ያጣጥፋሉ፤ ልጅቷ ፍራሽ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ሀጂያ ቀና ብለው አላዩዋትም። «ምሳሽ ተከድኗል» አሉ ብቻ። ረዲያ ምሳዋን አልከፈተችም። አጠገባቸው ተቀመጠችና የብርድ ልብሱን ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ያጥፋሉ፣ ያገናኛሉ፣ ይደረድራሉ። ከውጭ አንድ ሰው የትራስ ዋጋ ጠየቀ፤ ሀጂያ ከተቀመጡበት ነገሩት፤ ሰውዬው ሄደ።

«ጂብሪል ደውሎልኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«እሺ ኡሚ።»

«እየሳቀ ነው የነገረኝ። በኔ ነው የሳቀው። እኔ የማልኩበትን ምላስ አንቺ በአምስት መቶ ብር አጠፍሽው። ሰው ምን ይለናል? የሰዓዲያ ቤት ሰላምታም በዋጋ ሆነ አይለንም?» ብርድ ልብሱን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርገው ጎተቱት። «ዕውቀት አላህ የሰጠሽ ነው። አላህ የሰጠውን አይሸጡትም፣ ልጄ።»

«አላህማ ሰጠኝ፤ ተሸክሜ ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ፣ ኡሚ።»

ሀጂያ እጃቸው ቆመ። ረዲያ እንዲህ መልሳላቸው አታውቅም። እሷም ራሷ ደንግጣ፣ ድምፅዋን አለዝባ፣ የእትዬ እንቁን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው መቆማቸውን፣ ያሏትን ቃል፣ የሞተችውን ጥጃ።

«የኛ እንቁ?» አሉ ሀጂያ። «ወተት የምታመጣልን?»

«እሳቸው።»

«በየጠዋቱ እዚህ ደፍ ላይ አይደል እንዴ የምትቆመው! ስንቱን እናወራለን፤ ስለ ጉልበቷ ትነግረኛለች፣ ስለ ልጇ ትነግረኛለች… ለምን ይኼን አልነገረችኝም?»

«አፍረው ነው። በነጻ ስለምሄድ ነው ያፈሩት።»

ሀጂያ ብርድ ልብሱን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ወደ ደጁ አዩ። ረዲያ የሚሉትን ትጠብቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ያልጠበቀችውን ጠየቋት።

«ሴት ነበረች ወንድ?»

«ምኗ?»

«ጥጃዋ።»

«ሴት።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ ሀጂያ ሰዓዲያ ቀስ ብለው። የነጋዴ ልጅ፣ የነጋዴ ሚስት፣ ራሳቸውም ነጋዴ ናቸውና፣ ሴት ጥጃ አድጋ ላም ብትሆን እንደ እንቁ ላለች ሴት ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም። ከዚያ ወዲያ ስለ ጂብሪልም፣ ስለ መሐላቸውም አላነሡም። ተነሥተው የረዲያን ምሳ ራሳቸው አሙቀው አመጡላትና «ብዪ፣ በባዶ ሆድሽ ነው እኮ ስትዞሪ የዋልሽው» አሏት። ቀሚሷ ላይ የደረቀውን ነጭ ሶዳ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገረቻቸው፤ «እሱ እንኳ በሬ ያድናል?» ብለው ተገረሙ። በሬው እንዴት እንደተጋተ፣ ኢንሳፍ ባሏን ምን እንዳለችው ስትነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ኢንሳፍ ናት ይኼን ያለችው? ያቺ ዝምተኛ?»

የምሽቱ መግሪብ ሶላት ሊደርስ ሲል፣ ረዲያ ከጀርባ ባለችው ክፍል ልጅቷን እያለባበሰች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ረዲያ ነሽ?» አለ የወንድ ድምፅ። «መስዑድ እባላለሁ፤ ከገለምሶ ነው። ጂብሪል ነው ቁጥርሽን የሰጠኝ። እዚህ ደንበኛው ነኝ። መርፌ አያስፈልግም ብላ የምትመልስ ባለሙያ አለች፤ ዋጋዋ ጠንከር ይላል፣ ግን ደውልላት ብሎኛል። ፍየሎቼ ያስላሉ፤ ሁለቱ አልነሣም ብለዋል። ያልወጋኋቸው የመርፌ ዓይነት የለም። ስንት ትቀበያለሽ?»

ረዲያ ልጅቷን ክንዷ ላይ አስተካከለቻት። ገለምሶ ሩቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል።

«ፍየሎቹን በሙሉ ለማየት ሺህ ሁለት መቶ ነው» አለች። ቃሉ ሲወጣ ድምፅዋ ቀጭንም ወፍራምም አልነበረም፤ የራሷ ድምፅ ነበር።

ከወዲያኛው በኩል ዝም አለ። አንድ ፍየል ስትስል ይሰማል፤ ሌላ ሰው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ይጠይቃል። ረዲያ ፍራሹን ተደግፋ ጠበቀች። ዝምታውን የምትሞላበት ቃል አልፈለገችም፤ መስዑድ የራሱን ሒሳብ እያሰበ ነው፣ ያስብ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ነገ በጠዋት ድረሽልኝ።»

በዚህ ጊዜ መጋረጃው በአንድ ወገን ተገለጠና የሀጂያ ሰዓዲያ ፊት ብቅ አለ። መስማታቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም። ድምፃቸውን አፍነው፣ እጃቸውን እንደ መሪ እያሽከረከሩ «የመንገዱንስ?» አሏት። «የሚኒባሱን በማን ነው? ደርሶ መልሱን ንገሪው እንጂ!»

ረዲያ ሳቋን ውጣ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «መስዑድ፣ ትራንስፖርት በአንተ ነው፤ ደርሶ መልስ» አለች።

«እሱማ ምን ጥያቄ አለው» አለ መስዑድ። «ከመናኸሪያው ሰው ልኬ አስቀብልሻለሁ።»

ሀጂያ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁና ልጅቷን ከክንዷ ላይ ተቀበሏት። «እንግዲህ ነገ እኔና አንቺ ነን» አሏት ሕፃኗን፤ «እናትሽ ሥራ ላይ ናት።»